ጨው አይተንም

የጨው ከረጢቱን መልሰህ እሰረው፣ ልጄ። የላክኸውን የባሕር ውሃ ገንዳህን ፎቶ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ዞአንተሶቹ አፋቸውን ገጥመዋል፤ መዶሻ የሚመስለው ኮራልህ እንደጠወለገ ጎመን ወደ ውስጥ ተሸብሽቧል። ከፎቶው ሥር «ጋሼ፣ መለኪያው 1.0226 ይላል። አሁኑኑ ጨው ልጨምርበት?» ብለህ ጽፈሃል። አንተ ዴንቨር ገና አልተኛህም ነበር፤ እዚህ ቨርጂኒያ ግን እኩለ ሌሊት አልፏልና ያየሁት ስነቃ ነው። ደውዬ «እንዳትነካው» አልኩህ፤ እሺ ብለኸኝ ወደ ሥራህ ሮጥህ። ለምን እንደሆነ አላስረዳሁህም። «አትንካ» ብቻ የተባለ ሰው ደግሞ ማታ ቤቱ ገብቶ የተዘጉ ኮራሎቹን ሲያይ እጁን ማስገባቱ አይቀርም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሙሉውን ልጻፍልህ።

ገንዳውን ከመጠርጠርህ በፊት መለኪያውን ጠርጥር። ሪፍራክቶሜትርህን ስትገዛ አብሮት የመጣው ወረቀት በንጹሕ ውሃ ዜሮ አድርገው ይላል፤ አንተም እንደዚያው አደረግህ። ይህ ግማሽ ሥራ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ሪፍራክቶሜትሮች የተሠሩት የገበታ ጨው በውሃ ተበጥብጦ ለሚለካበት ሥራ ነው። የባሕር ውሃ ግን ከተራው ጨው በተጨማሪ ማግኒዥየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየምና ፖታሲየም ስላለበት ብርሃን የሚያጥፍበት ልክ ይለያል። ዜሮ ላይ ያልተሳሳተ መሣሪያ የባሕር ውሃ ልክ የሆነው 35 በሺህ አካባቢ ሲደርስ አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊስት ይችላል። ወርቅ የሚመዝን ሰው ሚዛኑን በኩንታል እህል አይፈትንም፤ አንተም 35 የምትለካበትን መሣሪያ በዜሮ ብቻ ፈትነህ አትመነው።

ሱቅ ሄደህ 35 ተብሎ የተዘጋጀ መፈተኛ ውሃ ብትገዛ ጥሩ ነው። ዛሬ ማታ ከፈለግኸው ግን ወጥ ቤትህ ውስጥ ትሠራዋለህ። ግራምን እስከ አሥረኛ ክፍልፋይ የሚያሳይ ትንሽ ሚዛን ካለህ 36.5 ግራም የገበታ ጨው መዝን። በላዩ 963.5 ግራም ንጹሕ ውሃ ጨምር፤ ድምሩ አንድ ኪሎ ይመጣል። ጨው ውስጥ ያለችው ጥቂት አዮዲን ለዚህ ሥራ አታሳስብም። ይህ ብጥብጥ ብርሃንን የሚያጥፈው ልክ 35 በሺህ እንደሆነ የባሕር ውሃ ነው። ስለዚህ መሣሪያህ 35 ማለት አለበት፤ በሌላው ሚዛን ደግሞ 1.0264። ካላለ በትንሿ ብሎን አስተካክለው። ጠብታውን አድርገህ ክዳኑን ከዘጋህ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ታገሥ፤ ጠብታውና መስታወቱ በሙቀት ካልተካከሉ ያነበብኸው ቁጥር እምነት የሚጣልበት አይደለም። ስትጨርስ በንጹሕ ውሃ አጥበህ አድርቀው። የተረፈውን ብጥብጥ ጠርሙስ ውስጥ አጥብቀህ ክደነው፤ ክፍት ካደረ እሱም ራሱ ይተንና ያታልልሃል።

ይህ ብጥብጥ ለሪፍራክቶሜትር ብቻ መሆኑን አትርሳ። በኤሌክትሪክ የሚለካው ፔን 53 ሚሊሲመንስ የሚል የራሱ መፈተኛ አለው። ያቺ ጓደኛህ የሰጠችህ ክንዷ የምትወዛወዝ ፕላስቲክ ሃይድሮሜትር ደግሞ ኖራ ወይም የአየር አረፋ ክንዷ ላይ ከተጣበቀ ውሸቷ ብዙ ነው። አትጣላት፤ ግን ዳኛ አታድርጋት።

መሣሪያውን አስተካክለህ ውሃህ 33 ወይም 34 ሆኖ ከተገኘ፣ ኮራሎቹ የተዘጉት በሌላ ነገር ነውና ደውልልኝ። አሁንም 1.0226 ማለትም 30 በሺህ ካለ ግን ቀጥለህ አንብብ።

እኔና ጨው የተዋወቅነው አኳሪየም የሚባል ነገር በዓይኔ ሳላይ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ አሰብ ወደባችን በነበረችበት ዘመን፣ ከጨው ማምረቻው ገብቼ ሠርቻለሁ። ሥራው የባሕር ውሃን ሰፋፊ መደቦች ላይ አስተኝቶ ለፀሐይና ለነፋስ መስጠት ነው። ውሃው ከባሕር ሲገባ በቦሜ መለኪያ 3 ተኩል ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ከመደብ ወደ መደብ ሲተላለፍ ይወፍራል። መጀመሪያ ኖራው፣ ቀጥሎ ጂፕሰሙ ይዘቅጣል፤ 25 አካባቢ ሲደርስ ነጩ ጨው መውረድ ይጀምራል። የኔ ድርሻ ጠዋትና ከሰዓት በየመደቡ ዞሬ በመስታወት ሃይድሮሜትር መለካት ነበር። ካቦአችን ግን መለኪያ ሳይዝ ከሩቅ የውሃውን ቀለም ብቻ አይቶ ይናገር ነበር። ጨው ሊወርድ የተቃረበ መደብ ወደ ሮዝ ይመታል፤ በዚያ ሁሉ ጨው ውስጥ መኖር የሚችሉ ደቂቅ ፍጥረታት የሚሰጡት ቀለም ነው። እሱ ያስተማረኝን አንድ ነገር ነው ዛሬ ላንተ የማስተላልፈው። ፀሐይ ከመደቡ የምትወስደው ውሃውን ብቻ ነው፤ ከጨው አንዲት ቅንጣት አታነሣም። ከመደብ ውስጥ ጨው ጎደለ ከተባለ ግንቡ ሾልኳል ወይም ሰው ወስዶታል ማለት ነው። ቀለሙ ቢያታልልህ፣ መለኪያው ቢሰበር፣ ይህ ግን አይዋሽም።

ገንዳህም ያው መደብ ነው። እናትህ ሽሮ ጥዳ ስትረሳው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ፤ ይወፍራል፣ ጨዉ ይበዛል፣ የምትጨምርበትም የፈላ ውሃ እንጂ ሌላ ጨው አይደለም። ዴንቨር አየሩ ደረቅ ነው። 280 ሊትር ገንዳህ በቀን 4 ሊትር ያህል ይተንበታል ብለኸኛል። አንድ ቀን ሳትሞላው ብትቀር 35 የነበረው 35.5 ይሆናል። አሥር ቀን ብትተወው ወደ 41 ይጠጋል። ስለዚህ በተነነው ፋንታ ሁልጊዜ የሚገባው ንጹሕ ውሃ ነው፤ እሱም በአር ኦ የተጣራ፣ የቧንቧው ክሎሪንና መዳብ የሌለበት። ይህን ታውቃለህ፤ የገዛኸው ራሱ የሚሞላው መሣሪያ፣ ኤቲኦውም፣ ይህንኑ ይሠራልሃል።

እንግዲህ ጠይቅ። ጨው የማይተን ከሆነ ያንተ 5 ግራም በሊትር የት ሄደ? የጨው መቀነስ መንገዱ አንድ ብቻ ነው። ጨዋማ ውሃ በፈሳሽነቱ ከገንዳው ወጥቷል፣ በቦታውም ንጹሕ ውሃ ገብቷል። ሌላ ምሥጢር የለውም። የማጣሪያ ገንዳህ፣ የሳምፑ፣ ሥር ያለውን ምንጣፍ ዳብሰው፤ እርጥብ ነው? የቧንቧዎቹ መገጣጠሚያ ላይ ነጭ ቅርፊት አለ? ከኮራል ጋር በፕላስቲክ ከረጢት የሸጥኸው፣ በመረብ ያንጠባጠብኸው፣ ክዳኑ ላይ የተረጨው ሁሉ ጨው ነው። እኔ ግን የጠረጠርሁት ሌላ ነው፤ በጥምቀት ሰሞን ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን ስኪመርህን «አሁን ገና ሥራውን ጀመረ» ብለህ ደስ ብሎህ ያሳየኸኝን ትልቅ ጽዋ። በውስጡ የነበረው ቀጭን ሻይ የመሰለ ውሃ ነበር። ጥቁርና ወፍራም ከሆነ ቆሻሻ ነው፤ እንደ ሻይ ከቀጠነ የገንዳህ ውሃ ነው። በቀን ግማሽ ሊትር ብቻ እንዲህ እየወጣ ኤቲኦው ደግሞ ዝም ብሎ በንጹሕ ውሃ ሲተካው፣ 280 ሊትር ውሃ ከ35 ወደ 30 ለመውረድ ሦስት ወር ገደማ ይበቃዋል። ከጥምቀት ወዲህ ስንት ጊዜ ሆነ? ቁጠረው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ባለፈው ሳምንት ሳንረዳው አልፈነዋል፣ እኔም ጭምር። ካልሲየሙ 350፣ ማግኒዥየሙ 1,100 ወረደብኝ ብለህ ሁለት ጠርሙስ የካልሲየምና የአልካሊኒቲ መድኃኒት ገዝተሃል። ልኩን የጠበቀ የባሕር ውሃ ካልሲየሙ 410፣ ማግኒዥየሙ 1,290 ገደማ ነው። እያንዳንዳቸውን በ35 አካፍለህ በ30 አባዛ። ያገኘኸው ቁጥር የጻፍክልኝ ቁጥር ነው! ካልሲየም አልጎደለህም፤ የጎደለው ባሕሩ በሙሉ ነው። ካልሲየሙን ለብቻው 410 አድርሰኸው ቢሆን ኖሮ ጨዉ ወደ ቦታው ሲመለስ ወደ 470 ይወጣብህ ነበር። ከእንግዲህ ወዲህ ከማንኛውም ምርመራ በፊት ጨዉን ለካ። እሱ ሳይታወቅ የሚነበብ ሌላ ቁጥር ሁሉ ትርጉም የለውም። ጠርሙሶቹን አስቀምጣቸው፤ ኮራሎቹ ሲያድጉ ጊዜያቸው ይመጣል። ያን ጊዜም ቢሆን እነዚህ ሁለት ጠርሙሶች ካልሲየሙና አልካሊኒቲው ከተበላ በኋላ ተራ ጨው ትተው ስለሚሄዱ፣ ዓመት ሙሉ ሲጨመሩ ጨውህን ወደ ላይ እንደሚገፉት እወቅ።

አሁን ወደ ጥገናው። ደረቅ ጨው ወደ ገንዳው አትጣል፤ ፍሬዋ ከኮራል ላይ ካረፈች ሥጋውን ታቃጥለዋለች። በአንድ ጊዜ ጠንካራ ብጥብጥ መጨመርም አይሆንም። የምታደርገው ቀላል ነው። ስኪመሩን አስተካክል። ኤቲኦውን አጥፋ። በየቀኑ የሚተነውን 4 ሊትር በንጹሕ ውሃ ሳይሆን 35 ተደርጎ በተበጠበጠ የጨው ውሃ ሙላ። አራት ሊትር 140 ግራም ጨው ይዛ ትገባለች፤ 280 ሊትር ላይ ሲከፈል በቀን ግማሽ ነጥብ ነው። በአሥር ቀን 35 ትደርሳለህ፤ ገንዳውም ሳያውቀው ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንደደረስህ ዕለቱኑ ወደ ንጹሕ ውሃ ተመለስ። ይህችን ቀን ስልክህ ላይ ማስታወሻ አድርጋት፤ የምትረሳው እሷን ነው።

አሥር ቀን ረዘመብኝ እንደምትል አውቃለሁ። ስለዚህ በኔ የደረሰውን ልንገርህ፤ ለአባትህ እንኳ በዝርዝር ነግሬው አላውቅም።

በ2003 ዓመተ ምሕረት ጥምቀትን ጎንደር ላከብር ለ21 ቀን ወደ አገር ቤት ሄድኩ። ያን ጊዜ 300 ሊትር ገንዳ ነበረኝ፤ አምስት ዓመት ያሳደግሁት። ምድር ቤቱ ውስጥ ሁለት ባለ 80 ሊትር በርሜሎች ነበሩ፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ፣ ሌላው ለውሃ ቅያሪ የተበጠበጠ የጨው ውሃ። ሁለቱም ሰማያዊ። ለጎረቤቴ «ከዚህኛው በቀን 3 ሊትር ሙላልኝ» ብዬ በጣቴ አሳየሁት፤ ምልክት ግን አልለጠፍኩበትም። ሰውየው ታማኝ ነው፣ አንድ ቀን አላጓደለም። 21 ቀን ሙሉ ከጨዉ በርሜል ቀዳ። 63 ሊትር ሲባዛ በ35፣ 2,205 ግራም ጨው ማለት ነው። ስመለስ ሪፍራክቶሜትሩ ከ42 በላይ አነበበ።

የሚገርመው ይህ አይደለም። የሚገርመው ገንዳው ሕያው መሆኑ ነበር። ኮራሎቹ ቀለማቸው ደብዘዝ ብሏል፣ ክላውንፊሾቹ ይበላሉ፣ ሰማያዊው ኮከብ ዓሣ መስታወቱ ላይ ተጣብቋል። በቀን ሲሦ ነጥብ ብቻ ስለወጣ ሁሉም ተከትሎ ወጥቷል። ይህን አይቼ መታገሥ ሲገባኝ ቁጥሩ አስደነገጠኝ። በዚያው ከሰዓት 50 ሊትር አውጥቼ 50 ሊትር ንጹሕ ውሃ ጨመርኩበት። መለኪያው 35 ሲል ተመስገን ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ሁለቱ ሽሪምፖች በጎናቸው ወድቀው አገኘኋቸው። ኮከቡ በሦስት ቀን ውስጥ እየላመ ተበታተነ። አክሮፖራዎቹ ከሥራቸው ጀምሮ ሥጋቸው እየተገፈፈ ነጭ አጥንት ሆኑ፤ አምስት ዓመት የፈጀ እድገት በአንድ ሳምንት። ዓሣዎቹ ብቻ ምንም አልሆኑም። የጎረቤቴ ስህተት አንዲት ነፍስ አልገደለም፤ የገደለው የኔ ጥገና ነው። በቀን 7 ሊትር እያወጣሁ 7 ሊትር ንጹሕ ውሃ ብተካበት ኖሮ በቀን አንድ ነጥብ እየወረደ በሳምንት ይደርስ ነበር። ያቺን ሳምንት ነው የነፈግኋቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስሁት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ከገባህ አትቸኩልም። ቋንጣ ስንዘለዝል ጨው ስንነሰንስበት ሥጋው ውሃውን ይተፋል፤ ውሃ ጨው ወደበዛበት ይሄዳልና። ጨው ካነሰበት ወደ በዛበት መሄዱ በሕያው ገላ ውስጥም ያው ነው። የባሕር ዓሣ ለዚህ መከላከያ አለው። የደሙ ጨው የባሕሩን ሲሦ ያህል ብቻ ስለሆነ ውሃ ያለማቋረጥ ከገላው ይሸሻል፤ እሱም ባሕሩን እየጠጣ ትርፉን ጨው በስንጥቡ ያስወጣል። ውሃው ጨዉ ሲቀንስ እንዲያውም ሥራው ይቀልለታል። ኮከብ ዓሣ፣ ጃርት መሳዩ የባሕር ፍጥረት፣ ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣና ኮራል ግን አብዛኞቹ እንዲህ ያለ በር ጠባቂ የላቸውም ወይም አቅሙ ትንሽ ነው። ባሕሩ ምን ያህል ጨዋማ ቢሆን እነሱም ውስጣቸው ያንኑ ያህል ነው። ውሃው በአንድ ከሰዓት ሲቀጥን ውሃ ወደ ሕዋሶቻቸው ጎርፎ ይገባና ያሳብጣቸዋል። ቀስ ካልህ ግን በውስጣቸው ያለውን እየቀነሱ ይላመዳሉ። ስለዚህ ገንዳህ ጤነኛ ይሁን አይሁን ዓሣህን አይተህ አትፍረድ፤ መጨረሻ የሚናገረው እሱ ነው።

አዲስ ፍጥረት ስትገዛም የከረጢቱን ውሃ ለካው። አንዳንድ ሱቆች የዓሣ ገንዳቸውን ጨው ዝቅ አድርገው ነው የሚይዙት። ከዚያ የመጣ እንስሳ ወዳንተ 35 ሲገባ ቀጭን ቱቦ ይዘህ ጠብ ጠብ እያደረግህ አላምደው።

ስለ 42 ሳወራ ሁልጊዜ ቀይ ባሕር ይመጣብኛል። አሰብ ሳለሁ ዓርብ ከሰዓት ደሴቶቹ አጠገብ እንዋኝ ነበር፤ ኮራል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እዚያ ነው፣ መስታወት ሳይኖር። ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስበት ወንዝ የለውም፤ ዝናቡም ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። በዓመት ሁለት ሜትር ያህል ውሃ ከላዩ ይተናል። ታዲያ ለምን አይደርቅም? በባብ ኤል መንደብ በኩል ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ውሃ ይገባለታል። የሚገባው ግን የጨው ውሃ ነው፤ ልክ እንደኔ ጎረቤት። ስለዚህ በደቡቡ በር 36.5 አካባቢ የሆነው ውሃ ወደ ሰሜን በተጓዘ ቁጥር እየበረታ ሄዶ አቃባ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ፣ ኤላት ጋ ሲደርስ ከ40 ያልፋል። እዚያም ውብ ኮራል አለ። በ40 ተወልዶ በ40 ያደገ ኮራል 40 ቤቱ ነው። እንዲሁ እየጨመረ የማይሄደው ደግሞ የከበደው ውሃ ወደ ታች ሰምጦ በዚያው በባብ ኤል መንደብ፣ ከሚገባው ሥር ተመልሶ ስለሚወጣ ነው። ባሕሩ የራሱ ውሃ ቅያሪ አለው።

ያ በር ባይኖረው ምን ይሆን እንደነበር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደንከል ሜዳ በአንድ ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። መሬቱ ሲነሣና እሳተ ገሞራው ሲፈስ ከባሕሩ ተቆረጠ፤ ፀሐይ ውሃውን ጠጣች፣ ጨዉ ቀረ። ከጡረታ በኋላ ከመቀሌ በበርሃሌ በኩል ወደ ሐመድ ኤላ ወርጄ ነበር። አፋሮቹ አሞሌ ሲቆርጡ፣ ግመሎቹ ተንበርክከው ሲጫኑ አየሁ፤ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ላይ ቆመን። ከዚያ መሪያችን ወደ ሜዳው ጠርዝ ወሰደንና መሬቱን አሳየን። ድንጋዩ ኮራል ነው። ቅርንጫፉ፣ እያንዳንዱ ፖሊፕ የነበረበት ኮከብ መሰል ቀዳዳ፣ አጠገቡም የባሕር ዛጎል፤ ሁሉም ከመቶ ሺህ ዓመት በፊት ሕያው የነበረ። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት። ከዚያ የችኮላ ከሰዓት ወዲህ የተገፈፉትን አክሮፖራዎቼን ያን ያህል በቅርብ አስቤያቸው አላውቅም። አብረውኝ የነበሩት ወጣቶች ፎቶ ሲነሡ እኔ ከዚያ ድንጋይ መነሣት አቃተኝ።

ወደ ኤቲኦህ ልመለስና ልጨርስ። መሣሪያው ጥሩ አገልጋይ ነው፤ ብቻውን ግን አትተወው። አነፍናፊው ላይ ቀንድ አውጣ ወጥታ ከተቀመጠች ውሃው የጎደለ ወይም የሞላ ይመስለዋል። ሁለተኛ የደኅንነት ማቆሚያ ያለው ቢሆን እመርጣለሁ። ከሁሉ በላይ ግን የሚቀዳበትን ዕቃ ትንሽ አድርገው። 20 ሊትር በሙሉ ቢገለበጥብህ 35ቱ ወደ 32.7 ይወርዳል፤ ያስደነግጣል እንጂ አይገድልም። አሁን ያገናኘኸው 100 ሊትር በርሜል ቢገለበጥ ግን 26 ገደማ ትገባለህ፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤትህም ጣሪያውን ይዞ ይመጣል። ውሃ ልትቀይር ጨዋማውን ስታወጣ ኤቲኦውን መጀመሪያ አጥፋው፤ አለዚያ ያጎደልኸውን በንጹሕ ውሃ ሲሞላ ትደርስበታለህ። በርሜሎችህ ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም በትልቁ ጻፍባቸው፤ ክዳናቸውም ቀለሙ ይለያይ።

ስለ ጨዉ ደግሞ ከሱፐርማርኬት «የባሕር ጨው» ብገዛስ ብለህ ነበር። አይሆንም። አሰብ ውስጥ ነጩን ጨው ካወረድን በኋላ የሚቀረውን መራራ ውሃ እናፈስሰው ነበር፤ ማግኒዥየሙና ፖታሲየሙ የሚቀረው በእሱ ውስጥ ነው፣ ካልሲየሙም ቀድሞ በኖራና በጂፕሰም መልክ ሌላ መደብ ላይ ቀርቷል። ለምግብ የሚሆነው ጨው ከባሕሩ ብዙውን ነገር ትቶ የመጣ ነው። ለሪፍ ተብሎ የተዘጋጀውን ቅልቅል ግዛ፤ ከመክፈትህ በፊት ባልዲውን አገላብጠው፣ ከባዱ ፍሬ ወደ ታች ይወርዳልና። ውሃውን አስቀድመህ አሙቀው፣ ፓምፕ እየዞረበት ጨዉን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውሃው ጨምር፤ ውሃውን ጨዉ ላይ ካፈሰስህ ካልሲየሙ ነጭ ሆኖ ይዘቅጥብሃል። በአንድ ሊትር ከ36 እስከ 38 ግራም ይወስዳል፤ እርጥበት ያዘለ ስለሆነ ከ35 ይበልጣል። ጥርት ብሎ ሙቀቱ ከገንዳው እስኪስተካከል ጠብቀህ ለካው። የተረፈው ጨው የቱንም ያህል ጥቂት ቢሆን ለነገ ተብሎ በክፍት ከረጢት አይቀመጥም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ የምትሠራው ይህን ብቻ ነው። ሪፍራክቶሜትሩን ፈትን፣ ገንዳውን ሦስት ጊዜ ለካ፣ የስኪመሩን ጽዋ ፎቶ አንሣልኝ፣ የሳምፑን ሥር ዳብስ። ገንዳው ጎን ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈህ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፍበት፤ እስከ አሥረኛው ቀን በየማታው ሥር ሥሩን ትጽፋለህ። ኮራሎቹ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ባይከፈቱ አትረበሽ። መብራታቸውን ጥቂት ቀንስላቸው፣ ምግብ አታብዛባቸው። ቅዳሜ ከቡና በኋላ እደውልልሃለሁ፤ ቁጥሮቹን ከፕላስተሩ ላይ እያየህ ታነብልኛለህ።